ጁፒተርን ከአዲስ አበባ ግቢ ማንሳት

የሰማይ ፎቶ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከከተማ ወጥቶ ጨለማ መፈለግን ነው። ለፕላኔት ግን ጨለማ አያስፈልግም። ጁፒተር በጣም ደማቅ ስለሆነ የመንገድ መብራት ብዙም አይጎዳውም። ወሳኙ የአየሩ መረጋጋት ነው። ስለዚህ የማነሳው ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ነው።

እኛ ደግሞ ታድለናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ፕላኔቶቹ ወደ አናታችን ስለሚወጡ ብርሃናቸው የሚያቋርጠው አየር ያነሰ ነው። ለንደን ላለ ሰው በ2019 እና በ2020 እ.ኤ.አ. ጁፒተር ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም ነበር።

ዕቃዬ ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን (በመስተዋት የሚሠራ) ቴሌስኮፕ፣ ምስሉን የሚያጎላ ባርሎው ሌንስ፣ ትንሽ ካሜራና ላፕቶፕ ነው። የምቀርጸው ቪዲዮ ነው። በሴኮንድ 100 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለ2 ደቂቃ ከቀረጽኩ 12,000 ፍሬም ይኖረኛል። አብዛኛው የተንቀጠቀጠ ነው። አየሩ ለቅጽበት ረጋ ሲል ግን ጥርት ያለ ምስል ይገባል። አውቶስታከርት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር እነዚያን መርጦ ይደራርባቸዋል፤ ሬጂስታክስ የሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ደግሞ የጁፒተርን የደመና መስመሮች አጉልቶ ያወጣል። ቪዲዮውን የማላስረዝመው ጁፒተር አንዴ ለመዞር 10 ሰዓት እንኳ ስለማይፈጅበት ነው። ብዙ ከቆየሁ ታላቁ ቀይ ነጥብ የሚባለው የጁፒተር ግዙፍ ማዕበል ቦታውን ስለሚለቅ ምስሉ ይደበዝዛል።

ትልቁ ትምህርቴ ስለ ሙቀት ነው። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኮንክሪት ማታ ሙቀቱን ሲተፋ ያመሻል፤ ያ ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ሣር ላይ ነው የምተክለው። ቴሌስኮፑንም ቀድሜ አወጣዋለሁ፤ መስተዋቱ የውጭውን ቅዝቃዜ መልመድ አለበት። ከዚያ አንድ ኮከብ ላይ አነጣጥሬ ፎከሱን ትንሽ አዛባለሁ። የሚታዩት ክቦች መሃላቸው አንድ ካልሆነ መስተዋቶቹን አስተካክላለሁ። ውድ ካሜራ ከመግዛት ይልቅ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ሌሊት የአዮ ጥላ ጁፒተር ላይ ወድቆ ነበር። አዮ ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ ናት። የግቢያችን ዘበኛ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይሄ ጥቁር ነጠብጣብ ምንድን ነው ልጄ?»

«የጨረቃው ጥላ ነው ጋሼ። እዚያ ቦታ አሁን የፀሐይ ግርዶሽ ነው።»

«እንደዚያ እንደ ላሊበላው?»

ሰኔ 14 ቀን 2012 የታየውን ግርዶሽ ማለታቸው ነው። ግቢውን ዞር ዞር ብለው ሲመለሱ ጥላው ፈቀቅ ብሎ አገኙት። «ይሄዳል እንዴ!» አሉ። እኔን ከዚህ ሥራ ጋር ያጣበቀኝ ይሄው ነው፤ በገዛ ዓይንህ ሌላ ዓለም ሲንቀሳቀስ ታያለህ።

ደግሞ ጥቅም አለው። ሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. ጁፒተር ላይ አንድ የሰማይ አካል ወድቆ የተወውን ጥቁር ጠባሳ መጀመሪያ ያየው አንቶኒ ዌስሊ የሚባል አውስትራሊያዊ አማተር ነው። ናሳም ጁፒተርን ለሚዞረው ጁኖ መንኮራኩር ካሜራ ዕቅድ እንዲረዳው የአማተሮችን ምስል ይቀበል ነበር።

አሁን ዓይኔ ሳተርን ላይ ነው። መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ቀለበቱ በጠርዙ ወደ እኛ ዞሮ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። እስከ 2032 አካባቢ እየተከፈተ ይሄዳል። በእነዚህ ዓመታት ሳተርን የሚመቸው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ፣ በየመስከረምና ጥቅምቱ አንድ ጥሩ ምስል እያነሳሁ በተርታ ላስቀምጣቸው ነው ያሰብኩት።