ቀይ የጠፋበት ስክሪን

አጎቴ አዳማ ውስጥ በሚያስተዳድሯት ትንሽ የጌም ቤት ጥግ ላይ፣ ልጆች ከፕሌይስቴሽኑ አስበልጠው የሚሻሙበት እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ባለ ፒክቸር ቲዩብ (ምስሉን የሚያሳይ ትልቅ የመስታወት ቱቦ) የቁም የጌም ማሽን አለ። ይህ ማሽን ከሁለት ሳምንት በፊት ቀይ ቀለሙን በድንገት አጣ። ቀይ ልብስ ለባሹ ተፋላሚ ጥቁር ለበሰ፣ ነጩ ሁሉ ወደ ውሃ ሰማያዊ ተለወጠ። ባንዲራችን በዚያ ስክሪን ላይ ቢታይ ኖሮ አረንጓዴው ባለበት ሲቀር፣ ቢጫው የቀይና የአረንጓዴ ብርሃን ድምር ስለሆነ እሱም አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ ቀዩ ደግሞ ይጠቁር ነበር።

ከእኔ በፊት የተጠራው ጠጋኝ ቲዩቡ ስለሞተ መቀየር አለበት ብሎ ሄዷል። እኔ ግን ፍርዱን ተጠራጠርኩ፤ ምክንያቱም ቲዩብ ሲደክም ቀለሙ በአብዛኛው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፣ ማሽኑ ሲሞቅም ትንሽ ይሻሻላል እንጂ ትናንት ደምቆ የዋለ ቀለም ዛሬ ድርግም ብሎ አይጠፋም።

የጀመርኩት ሞኒተሩን ሳልነካ ነው። ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን፣ የጌም ቦርዱን (ጌሙን የያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን ጃማ የተባለ የጃፓን ስታንዳርድ የሚከተል በመሆኑ፣ የቀይ ምልክት በማገናኛው 12ኛ እግር፣ አረንጓዴው ደግሞ በዚያው እግር ጀርባ በኩል ይወጣል። የጌም ቦርዱን ጠርዝ በላጲስ ፈትጌ በአልኮል ብጠርገውም ለውጥ አልመጣም። ቀጥዬ ወደ ሞኒተሩ ከሚገቡት ሽቦዎች ቀዩንና አረንጓዴውን አቀያየርኩ። ችግሩ ከቦርዱ ወይም ከሽቦው ቢሆን ኖሮ አሁን የሚጠፋው አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ የጠፋው ግን አሁንም ቀዩ ስለሆነ ጥፋቱ ሞኒተሩ ውስጥ መሆኑ ተረጋገጠ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ልምድ ለሌለው ሰው አይደለም፤ በቲዩቡ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ20,000 ቮልት በላይ ሲሆን፣ ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በቲዩቡ አንገት ላይ የሚሰካው ኔክ ቦርድ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ተመሳሳይ ዑደቶች አሉት፤ ስለዚህ የታመመውን ከሁለቱ ጤነኞች ጋር ማወዳደር ይቻላል። ኃይል ባለበት የየቀለሙን ካቶድ (በቲዩቡ ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረሩን የሚያመነጨውን ክፍል) ስለካ አረንጓዴውና ሰማያዊው ወደ 130 ቮልት፣ ቀዩ ግን ወደ 180 ቮልት አሳዩ። ለጀማሪ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ካቶዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ በጨመረ ቁጥር ብርሃኑ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ቮልቴጁን ወደ ታች ስቦ ቀለሙን የሚያበራው በየዑደቱ ያለው ትራንዚስተር ነው፤ 180 ማለትም የቀዩ ትራንዚስተር ሥራውን ትቷል ማለት ነው። ቲዩቡ ሳይጠየቅ ተፈርዶበታል።

ማሽኑን ነቅዬ፣ በቲዩቡ ላይ የቀረውን ኃይል ወደ መሬት መስመሩ አፍስሼ፣ አንገቱ በቀላሉ የሚሰበር ስስ መስታወት ስለሆነ ኔክ ቦርዱን በጥንቃቄ አወጣሁት። በቀዩ ትራንዚስተር አንድ እግር ዙሪያ፣ እግሩን ከቦርዱ ጋር ያያያዘው ሶልደር (ቀልጦ የሚያጣብቅ ብረት) ቀለበት በሚመስል ቀጭን ስንጥቅ ተላቋል። ትራንዚስተሮቹ ሲሠሩ ስለሚግሉና ማሽኑ ሲጠፋ ስለሚበርዱ፣ ይህ መላልሶ ሲደርስ ሶልደሩን ያደክመዋል፤ የአዳማ ሙቀትና በየቀዳዳው የሚገባው አቧራም አያግዙትም። አሮጌውን ሶልደር መጥጬ አዲስ አደረግሁ፣ የቀሩትን የሁለቱን ትራንዚስተሮች እግሮችም ሳልምር ደገምኳቸው።

ስናበራው ቀዩ መጣ፤ ነገር ግን ስክሪኑ በሙሉ ሮዝ ሆነ። አጎቴ ደንግጠው «አሁን ደግሞ ምን ነካው?» አሉኝ። ለካ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የጠፋውን ቀለም ለመመለስ ሲል የቀዩን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አዙሮት ኖሯል። ነጩ ፊደል ነጭ እስኪሆን ድረስ በትንሿ ካቻቢቴ ወደ ኋላ መለስኩት።