ስድስት ሰው፣ አንድ ጨፌ፣ ሁለት በሬ

በኅዳር ማታ ደብረ ብርሃን ላይ ቴአትር ማጥናት ማለት ጋቢ ተከናንቦ ፍቅር መግለጽ ማለት ነው። ልጁ "በፍቅርሽ ነደድኩ" ይላል፤ ጥርሱ ግን ይንቀጫቀጫል። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውርጩ ቀልድ አያውቅም። እኛ ደግሞ ኮሜዲ ካልሠራን ብለን ሙጭጭ አልን።

"እኛ" ስድስት ሰው ነን። አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አንዲት ነርስ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ከመዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ ጋሽዬ እና እኔ። እኔ አስተማሪ ነኝ። አዘጋጅ የተባልኩት የመጀመሪያውን ስክሪፕት በኪሴ ስላባዛሁ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ዓመት ተውኔት የተመረጠው በሳቅ ነው። በእኔ ሳቅ። አንድ እሑድ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳነብ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሰኞ ዕለት "አገኘሁላችሁ!" ብዬ አደልኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የተውኔቱ አልነበረም። 12 ገፀ ባህርያት ነበሩት። 12 ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ይደርሰዋል። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ልክ ነው።

የባጃጁ ልጅ ሌባም ዳኛም ነበር። ሌባ ሆኖ ይወጣል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ካፖርት ይቀይራል፣ ዳኛ ሆኖ ይገባል። ካፖርቱ ተቀየረ፤ ጢሙ ያው ጢም ነው። ሁለተኛው ገቢር ላይ ደግሞ የፋብሪካው ልጅ ሞተ፤ አልቅሰን ሸኘነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፖስታ አመላላሽ ሆኖ ገባ። ከፊት ወንበር አንድ ሕፃን "እማ፣ ይሄ ሰውዬ ቅድም ሞቶ አልነበር?" አለ። አዳራሹ ፈነዳ። የዚያ ምሽት ትልቁ ሳቅ ያ ነበር።

በዚያ ላይ ነርሷ ሦስት ቀን ሲቀረን የሌሊት ተረኛ ሆነች። አንዱ ሁለት ሚና በያዘበት ቡድን አንድ ሰው ሲጎድል ሁለት ሰው ነው የሚጎድለው። በአንደኛው ሚናዋ የገባሁት እኔ ነኝ። አክስት ሆኜ። ስለዚህ ነገር ብዙ ባላወራ ይሻላል።

በሁለተኛው ዓመት መጽሐፍ ከመክፈቴ በፊት ደብተር ከፈትኩ። ማን አለ? በሳምንት ስንት ማታ ይመጣል? ምን ይሆንለታል? ብዬ ጻፍኩ። ጋሽዬ ረጅም ቃል አይዙም። ዝም ብለው ሲቀመጡ ግን ያስቃሉ፤ ፊታቸው ላይ የመዝገብ ቤት ትዕግሥት አለ። የባጃጁ ልጅ ቃል ይረሳል፤ ረስቶ የሚጨምረው ግን ከተጻፈው ይሻላል። ማታ ማታ ሥራ ስላለው የሚገኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ነርሷ ድምፅዋ የኋላ ወንበር ይደርሳል፤ ሰው መቆጣትም ታውቅበታለች። የፎቶ ኮፒዋ ልጅ ፈጣን ናት፤ ካፍህ ትቀማሃለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን ቤቷ መግባት አለባት። የፋብሪካው ልጅ ያዳምጣል።

ይሄ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ተመልካች ግን ብዙ ጊዜ የሚስቀው በተናጋሪው አይደለም፤ በሰሚው ፊት ነው። አንዱ ሲሳደብ ሌላው ቀስ እያለ ሲገባው ማየት ነው የሚያስቀው። የራሱን ተራ ብቻ የሚጠብቅ ተዋናይ የቱንም ቀልድ ይገድለዋል።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ጋሽዬ ቀድመው ያነሱት ያገራችንን ሰው ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እዚሁ ሰሜን ሸዋ የሰያደብር ልጅ ናቸው። ያ "ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ" የተባለው ሥራም ስሙ እንደሚለው ኮሜዲ ነው። "ቴአትራችን የተጀመረው በኮሜዲ ነው፤ ጀማሪውም የእኛው ሰው ነው" አሉ ጋሽዬ ደረታቸውን ነፍተው። በአውሬ እያሳበበ ሹማምንቱን ስለሚሸነቁጥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መታገዱንም ጨመሩልን። ሁላችንም ጓጓን። ግን አውሬ የሚያስመስል ልብስ ሰፊም ገንዘብም አልነበረንም። ጋቢ ለብሶ አንበሳ ነኝ የሚል ሰው ለአንድ ደቂቃ ያስቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሳዝናል።

ነርሷ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሞሊየር ያመጣውን "የፌዝ ዶክተር" አነሳች። በሐኪም የሚያሾፍ ተውኔት ነርስ ስታመጣው ደስ ይላል። የሞሊየርን ገፀ ባህርያት ቆጠርኩ፤ 11። የዳኛው ጢም ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

የእኔ ልብ የመንግሥቱ ለማ "ጠልፎ በኪሴ" ላይ ነበር። እዚህ ጋ አማተር ቡድኖች አይተን እንዳላየን የምናልፈውን ነገር ላንሳ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲውን መብት በሕይወት ሳለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ነው። ስለዚህ ወራሾችን ፈልጎ ማስፈቀድ ግድ ነው። ትርጉምም ያው ነው፤ ሞሊየር ከሞተ ከ350 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የተርጓሚው መብት ግን ለብቻው ይቆጠራል። "ትንሽ ነን፣ ማን ያየናል" የሚለው ወሬ አይጥመኝም። ባጃጅ ቆማ የተገኘች ጊዜ ተነስቶ አይነዳም፤ የሰው ናት። ወራሾችን ለማፈላለግ ጊዜ አልነበረንም፤ እያዘንኩ ተውኩት።

አንቶን ቼኾቭ ጋ የደረስነው እንዲህ ተገፍተን ነው። ሩሲያዊ ሐኪም ነበር፤ የሞተው በፈረንጆች 1904 ስለሆነ ፈቃድ የሚጠየቅለት የለም። ባለ አንድ ገቢር አጫጭር ኮሜዲዎች አሉት፤ እሱ ራሱ "ቀልድ" ይላቸዋል። ሁለቱን አነበብን። "ድቡ" ላይ ባሏ የሞተባት ሴትና ዕዳ ሊቀበል የመጣ ሰው ተጣልተው ሽጉጥ እስከ መማዘዝ ይደርሳሉ። በዚህ ጊዜ መድረክ ላይ ሽጉጥ አውጥቼ ሰው አላስቅም አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም።

ሁለተኛው "የጋብቻ ጥያቄ" ነው። ሦስት ሰው ብቻ! አንድ ወንደላጤ የጎረቤቱን ልጅ ሊጠይቅ ይመጣል። ጥያቄውን ሳያነሳ በሁለቱ መሬት መካከል ባለ መስክ ይጣላል። ተባርሮ ይወጣል። ልጅቷ የመጣው ሊያገባት እንደነበር ስትሰማ "መልሱልኝ!" እያለች ታለቅሳለች። ይመለሳል። አሁን ደግሞ የማን ውሻ ይበልጣል ብለው ይጣላሉ። የመስክ ድንበር! እኛ አገር በድንበር ያልተካሰሰ ቤተሰብ ካለ አሳዩኝ።

ግን የአልጋ ላይ ሳቅ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ መለስኩትና አዳራሹ በር ላይ ቡና ከሚያፈሉት እትዬ ፊት አነበብነው። ደንቡ ቀላል ነበር። እኛ አንስቅም፤ እሳቸው የሳቁበት መስመር ላይ እኔ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ገጽ አለቀ፤ ምንም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከሰሉን ያራግባሉ። ልጁ "ውድ ጎረቤቴ ሆይ፣ አንድ ልዩ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ" ሲል ቀና አሉ።

"ብቻውን ነው የመጣው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ሽማግሌ የለውም?"

"ሩሲያ ነው እኮ..."

"ሩሲያስ ቢሆን? ብቻውን የሚመጣ ባለጌ ነው። እኔ ልጄን አልሰጠውም" አሉና ሁለተኛውን መቅዳት ጀመሩ።

እርሳሴ እጄ ላይ ቀረ። ተናድጄም ነበር፤ ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ትርጉም ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ዞሮልኝ ቁጭ አለ። ሽማግሌ እንዲመጣ ካደረግን ሁለት ሚና ይጨመራል። ጋሽዬና የባጃጁ ልጅ ሥራ አገኙ! ሽማግሌዎቹ ከደብረ ሲና ሲመጡ ጣርማበር ላይ ጉም ይዟቸው ይዘገያሉ። ወንደላጤው ቀድሞ ደርሶ ከነክራባቱ ብቻውን ይቁለጨለጫል። ሽማግሌዎቹ የሚደርሱት ጠቡ በጦፈበት ሰዓት ነው። በጩኸቱ መሀል ጋሽዬ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ "የመጣነው ለደግ ነገር ነው" ይላሉ። ይህቺ አራት ቃል ናት። ጋሽዬ አራት ቃል ይይዛሉ። የባጃጁ ልጅም መጨረሻ ላይ ብቻ ስለሚገባ በሳምንት አንድ ቀን ጥናት በቃው።

የልጅቷን አባት ወደ እናት ቀየርነው፤ ባሏ የሞተባት፣ መሬቱን ብቻዋን የያዘች ሴት። ነርሷ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ስትነሳ እኔም ትንሽ ፈራሁ። መስኩ የወንዝ ዳር ጨፌ ሆነ። ሁለቱም ወገን ከጉያቸው የይዞታ ደብተር ያወጣሉ። ውሻውም ሄደ፤ እኛ ጋ ውሻ ቤት ይጠብቃል እንጂ ማን ይኩራራበታል? በሬ አደረግነው። የልጁ በሬ ቦራ፣ የእነሱ ዳለቻ።

"ቦራ ሲያርስ አፈሩ ራሱ መንገድ ይለቃል!"

"ቦራ? ድርቆሽ እየታኘከለት ነው እኮ የሚውጠው!"

ሁለተኛውን ንባብ እትዬ ስምንት ቦታ ሳቁ። ያን ቀን ተውኔቱ ተመረጠ።

አንድ ነገር አበላሽቼ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ ወንደላጤውን ተብታባ አድርጌዋለሁ። ቀላል ሳቅ ነው፤ ፈተና የለውም። የፎቶ ኮፒዋ ልጅ ወረቀቱን እያባዛች ቆየችና "ወንድሜ ሊያየን ይመጣል" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ታናሽ ወንድሟ እንደሚንተባተብ አውቅ ነበር፤ ስጽፍ ግን አላስታወስኩትም። ሰረዝኩት። የቼኾቭ ሰውዬ መጀመሪያውኑ በሽታ ፈላጊ ነው፤ ልቤ መታ፣ እግሬ ደነዘዘ ይላል። እሱ በቂ ነበር።

ያሳየነው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ጥር ሰርግ ነው፤ ሰው ሁሉ በሽማግሌና በጥሎሽ ወሬ ላይ ነው። ጾም ሳይገባም ለማድረስ ነው። ጾም ላይ የሰርግ ቀልድ ይዘህ ብትወጣ አዳራሹን ለብቻህ ታገኘዋለህ።

አላሰብኩበትም የምለው ነገር ቢኖር ሳቁ ራሱ ነው። ሁለት ወር ስናጠና የሚስቅ አልነበረም። የመጀመሪያው ትልቅ ሳቅ ሲመጣ ተዋናዮቼ ደንግጠው ቀጠሉ፤ ሦስት ጥሩ መስመሮች በጩኸቱ ተዋጡ። ከመጋረጃ ጀርባ "ቁሙ! ቁሙ!" እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። የፋብሪካው ልጅ ነው ነገሩ ቀድሞ የገባው። ቆመ። ክራባቱን አስተካከለ። ሳቁ ሲበርድ ቀጠለ።

ከዚያ መብራት ሄደ። ልክ ጨፌው የማን ነው እየተባለ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እኔ ላብ አሰመጠኝ። ከጨለማው ውስጥ ያ የሚያዳምጥ ልጅ "እንግዲህ ጨለማውም የእናንተ ነው በሉ!" አለ። ሰዉ እየሳቀ የስልኩን ባትሪ አበራ። የቀረውን በስልክ ብርሃን ጨረስነው፤ የሁሉም ትንፋሽ እንደ ጭስ ሲወጣ ይታይ ነበር።

የባጃጁ ልጅ እንደለመደው ቃሉን ረሳ። "ጠቡን ተዉት" ነበር የሚለው። ሁለቱንም የይዞታ ደብተር ተቀብሎ አየ፣ አገላበጠ፣ ለጋሽዬ አሳየ። ከዚያ በሽማግሌ ድምፅ "መሬቱማ የመንግሥትና የሕዝብ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ማንም አልሰማም።

ቅሬታም ነበር። ተውኔቱ 40 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ አባት በር ላይ ያዙኝና "ለዚህች ነው በዚህ ብርድ ከቤቴ ያስወጣኸኝ?" አሉኝ። እውነት አላቸው። አጭር መምረጣችን ጥሩ ነበር፤ ከፊቱ ጭውውት ወይ ዘፈን አለማስገባታችን ግን ስንፍና ነው።

ዘንድሮ አራት ሆነናል። ነርሷ ተዛወረች፣ የፋብሪካው ልጅ አዲስ አበባ ሄደ። ደብተሩን እንደገና ከፍቻለሁ። እትዬ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጋሉ፤ "ንባቡ ላይ ብቻ ነው የምትጠሩኝ?" ብለው አኩርፈዋል። የባጃጁ ልጅ ደግሞ ትልቅ ሚና ካልሰጣችሁኝ እያለ ነው። ፌርማታ ላይ ከሌላ ሹፌር ጋር በተራ ሲጣላ ተሳፋሪው ከኋላ ሆኖ "መሬቱማ የመንግሥትና የሕዝብ ነው" ይለዋል። እሱም ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል።