«መስከረም» ዊንዶውስ ላይ አልነበብ ብሎ

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጀመርኩት የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም የዕለቱን ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ በአማርኛ መጻፍ ችሏል። ያስቸግረኛል ብዬ የፈራሁት ጳጉሜን ነበር፤ ነገር ግን ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። በአንድ መስመር አለቀ። ጣጣው የመጣው ባልጠበቅኩት በኩል ነው።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ በሊኑክስ ላፕቶፔ የጻፍኩትን በፍላሽ ይዤ፣ ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርጌ ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት ወረድኩ። እዚያ አካባቢ የሚሠራ ጓደኛዬ ዊንዶውስ ነው የሚጠቀመው። ኮምፓይል አድርገን (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ቀይረን) ስናስነሳው በ«መስከረም» ቦታ 15 እንግዳ ምልክቶች ተደረደሩ። ጓደኛዬ አየት አደረገና «ይህ ቀን ነው ወይስ ክታብ?» አለኝ።

15 መሆናቸው በከንቱ አይደለም። አንድ የግዕዝ ሆሄ ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው የዩቲኤፍ 8 ሥርዓት ሦስት ባይት ይይዛል፤ አምስት ሆሄ 15 ባይት ነው። የዊንዶውስ ኮንሶል፣ ማለትም ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት መስኮት፣ እያንዳንዱን ባይት ራሱን እንደቻለ ፊደል ቆጥሮታል። መድኃኒቱ የኮንሶሉን የውጤት ኮድ ገጽ (ባይቶቹ የሚነበቡበትን ሰንጠረዥ) 65001፣ ማለትም ዩቲኤፍ 8፣ የሚያደርግ ፈንክሽን መጥራት ነው። ፈንክሽኑ ግን ሊኑክስ ላይ የለም።

ኮዱ ዊንዶውስና ሊኑክስን እንዲለይ «ከሆነ» በሚለው በተራው ኢፍ ሞከርኩ። አይሆንም። ተራው ኢፍ የሚፈርደው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው፤ ኮምፓይለሩ ግን ሁለቱንም ቅርንጫፍ ማንበብ አለበት፣ የዊንዶውስን ሄደር ፋይል (ፈንክሽኖቹ የሚታወጁበትን) ሊኑክስ ላይ ሲያጣም እዚያው ይቆማል። ልየታው ከዚያ በፊት፣ በመሰላል ምልክት (#) በሚጀምሩትና ከኮምፓይሉ በፊት በሚፈጸሙት የፕሪፕሮሰሰር መስመሮች ማለቅ አለበት። ኮምፓይለሮች ራሳቸው አስቀድመው የሚያውጇቸው ማክሮ የሚባሉ ስሞች አሉ፤ እነሱን መጠየቅ ነው።

ጥያቄውንም አበላሸሁት። የጓደኛዬ ማሽን 64 ቢት ነውና ዊን64 የሚለውን ማክሮ ጠየቅኩ፤ ያው ክታብ ወጣ። ግማሽ ቀን ካባከንኩ በኋላ ገባኝ፤ ማሽኑ 64 ቢት ቢሆንም የተጫነው ኮምፓይለር 32 ቢት ፕሮግራም የሚያወጣ የቆየ ሚንጂደብሊው ነበር። ማክሮው የሚናገረው ስለተቀመጥንበት ማሽን ሳይሆን ፕሮግራሙ ስለሚሠራለት ዒላማ ነው። ሊኑክስ ላይ ተቀምጦ ለዊንዶውስ ኮምፓይል ማድረግ የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። መጠየቅ ያለበት ዊን32 ነው፤ ስሙ ያሳስታል እንጂ ለ64 ቢትም ይታወጃል።

የሊኑክሱም ማክሮ አታልሎኛል። ያለ ምንም የግርጌ ሰረዝ (_) ሊኑክስ ብሎ መጠየቅ በጂሲሲ ኮምፓይለር ይሠራል፤ የሲ ቋንቋ ደንብ የሆነው የሲ 99 ደረጃ በጥብቅ ይከበር ብዬ ሳዘው ግን ማክሮው ጠፋ። ለካስ እንዲህ ያለ ስም በደረጃው መሠረት የፕሮግራም ጸሐፊው ነው። በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ያለው አይጠፋም።

ከዚያ እህቴ ስልኳ ላይ ተርመክስ በሚባለው የአንድሮይድ ተርሚናል መተግበሪያ ሞከረችው። አንድሮይድ የሊኑክስንም ማክሮ ስለሚያውጅ ኮዴ «ሊኑክስ ነው» ብሎ ጊዜያዊ ፋይሉን በተለመደው የሊኑክስ ማውጫ ሊፈጥር ሄደ፤ ስልኩ ላይ ማውጫው የለም። አሁን አንድሮይድን ከሊኑክስ በፊት እጠይቃለሁ። ማክ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ በ2007 እ.ኤ.አ. የዩኒክስ (የሊኑክስ አርአያ የሆነው ሥርዓት) የምስክር ወረቀት ያገኘው ሥርዓት ኮምፓይለሩ የዩኒክስን ማክሮ አያውጅም! የአፕልን ለብቻው መጠየቅ ግድ ነው። ከሁሉም መጨረሻ፣ የማላውቀው ሥርዓት ከመጣ በግምት እንዳይቀጥል ኮምፓይሉን በስህተት መልእክት የሚያስቆም መስመር አስቀመጥኩ።

ኮምፓይለራችሁ ምን ምን እንደሚያውጅ ማየት ከፈለጋችሁ ለጂሲሲ ባዶ ፋይል ስጡና ሰረዝ፣ ትንሹ ዲ፣ ትልቁ ኤም፣ ቀጥሎም ሰረዝ፣ ትልቁ ኢ ብላችሁ እዘዙት። ዝርዝሩ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንት ቡና ይተርፈኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደግሜ ወደ ፖስታ ቤት ወረድኩ። ክታቡ ጠፍቷል፤ በምትኩ አምስት ባዶ ሳጥኖች። ባይቶቹ አሁን በትክክል ተነብበዋል፣ ኮንሶሉ የያዘው ቅርጸ ፊደል ግን የግዕዝ ሆሄ የለውም። ይህን የሚነግረኝ ማክሮ የለም። በአዲሱ የዊንዶውስ ተርሚናል ስንከፍተው «መስከረም» ጥርት ብሎ ወጣ፤ በአሮጌው መስኮት ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም።