ከጅማ አዲስ አበባ ከሕፃናት ጋር፦ መነሻችሁን ከጊቤ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ጠዋት ወጥታችሁ ለምሳ እዚያ ናችሁ» ይላል ሰው ሁሉ። ብቻውን ለሚጓዝ ጎረምሳ እውነት ሊሆን ይችላል። 7 ወር የሆነው ሕፃንና «ሽንቴ መጣ» ማለት የማይሰለቻት የ3 ዓመት ልጅ ይዞ ለሚወጣ ግን ሌላ መንገድ ነው።

ምክር አልጠፋም ነበር። ስለ ምግብ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ንፋስ ያልመከረን የለም። ስለ ጊቤ ሙቀትና ስለ ወረቀት ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን። ቤንዚን በዋዜማው ቅዱ፤ በበዓል ሰሞን ሰልፉ ሌላ ነው፣ ቴሌብር ላይም ብር ይኑራችሁ። ፌስታል በርከት አድርጉ። ፖፖ ያዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ ቅያሪ ልብስ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ስር ይሁን። ለእናትየውም ቅያሪ ያስፈልጋል፤ ትውከቱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነውና።

ካር ሲት ስንዋስ ዘመድ ሁሉ ሳቀብን። «እናቱ እያለች ልጅ ወንበር ላይ ይታሰራል?» ተባልን። አዎ፣ ይታሰራል። ከፊት ወንበር ላይ ልጅ አቅፋችሁ የምትሄዱ፣ መኪና በድንገት ሲቆም ያንን ልጅ ይዞ የሚያስቀር ክንድ የለም። ማሙሽ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ሚሚ በራሷ ወንበር፣ እኔ መሐላቸው ተጣብቄ። ጡት ለማጥባት መኪናው ይቆማል። በቃ።

አንዲት ወዳጄ ደግሞ «የሚያስተኛ ሽሮፕ ስጫቸው፣ አዲስ አበባ ድረስ ድምፃቸውን አትሰሚም» አለችኝ። ስሙን ስጠይቃት ፕሮሜታዚን ያለበት ነው። ይህ መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ልጅ መንገድ ላይ ቢያለቅስ ያለቅስ። እኔ የሚያለቅስ ልጅ እመርጣለሁ።

ምግብ ላይ ከአማቴ ጋር ተጋጭተናል። እሳቸው ሚሚን ገንፎ በቅቤ አጥግበው ሊሸኟት ፈለጉ። ጠመዝማዛ መንገድ ለምትወጣ ልጅ ገንፎ በቅቤ ማለት ከጅማ ብዙም የማትርቀው ሰርቦ ሳይደርሱ ማስመለሻው ነው። ደረቅ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይበቃል። ለማሙሽ ደግሞ «ጉሮሮው እንዳይደርቅ» ብለው በጣታቸው ማር ሊያልሱት ነበር። የጅማ ማር ነፍስ ነው፣ አልክድም። ግን 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ማሩን ለእናቴ ስጦታ ብዬ ወደ መኪናው አስገባሁት፤ ሁለታችንም ፊታችን ሳይጠቁር አለፈ።

ከዚያ ቡና መጣ። ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ለመድረስ ጎሕ ሳይቀድ እንወጣለን ተባብለን ነበር። ግን ጅማ ውስጥ፣ አማት ቤት፣ አቦል ቀምሶ ብድግ ማለት ነውር ነው። ቶናም መጣ፣ በረካም መጣ። ከኮቺ ሰፈር ስንወጣ 3 ሰዓት ሆኗል።

እዚህ ላይ ነው የጊቤ ነገር የሚመጣው። በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ከጅማ ወጥታችሁ አሰንዳቦ አካባቢ የምታገኙት ግልገል ጊቤ ነው። እሱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ከሰኮሩ በኋላ ወደ ትልቁ ጊቤ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትርና ከዚያም በላይ ናት። የጊቤ ድልድይ ግን ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። ጅማ ሹራብ ያለበሳችሁት ልጅ እዚያ ሲደርስ ላብ በላብ ነው። በዚያ ላይ ሚያዝያ ነው፤ ክረምት ገና አልገባም። ከጅማ 12 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው ጊቤን 3 ሰዓት ገደማ፣ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ ያልፋል። እኛ የደረስነው ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

መኪናው የባለቤቴ ወንድም ቪትዝ ነው። ኤሲው መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ከፊት ወንበር የጎረቤታችን እማማ ተቀምጠዋል፤ ወልቂጤ ልጃቸው ጋ እናድርሳቸው ብለን። እማማ መስኮት እንዲከፈት አይፈልጉም። «ሕፃኑን ንፋስ ይመታዋል» ይላሉ። እሳቸው እየዘጉ እኔ እያስከፈትኩ፣ እሳቸው ጋቢ ሲያቀብሉኝ እኔ ጋቢውን ወንበሩ ስር እየከተትኩ ወረድን።

ቁልቁለቱ ላይ አንድ ኬላ አስቆመን። ደንበኛ ነገር ነው፣ ማስቆም ሥራቸው ነው። ሊብሬ አለ፣ ሰጠነው። መንጃ ፈቃድ አለ፣ ሰጠነው። ቦሎው መስታወቱ ላይ ነው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑም አለ። መኪናው የማን እንደሆነ ጠየቀ። የወንድሜ ነው አለው ባለቤቴ፤ የአባታቸው ስም አንድ ስለሆነ እዚህ ላይም ችግር የለም።

«እሷስ?»

«ባለቤቴ ናት።»

መታወቂያዬን ተቀበለ። አገላብጦ አየው። «ስማችሁ አይገናኝም» አለ።

አይገናኝም! እንዴት ይገናኛል? እኔ የምጠራው በአባቴ ነው፣ እሱም በአባቱ። የኛ አገር ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትወስዳለች እንዴ? ይህን የማያውቅ ሰው ነው መታወቂያ እያስተያየ ቤተሰብ የሚለየው? ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወደ እማማ ዞረ። በትሕትና ነው የጠየቃቸው፣ እሱን አልነፍገውም። «እማማ፣ ስንት ከፈሉ?»

«ኧረ ምን ከፍዬ ልጄ! ቤንዚን እንኳ ላግዛችሁ ብላቸው እምቢ አሉኝ እኮ።»

«አሃ። ስለ ክፍያ ተነጋግራችኋል ማለት ነው።»

አለቀልን። መኪናው ኮድ 2 ነው፣ የግል። የግል መኪና ሰው ጭኖ ገንዘብ መቀበል አይችልም። ሕጉን አልቃወምም፤ በበዓል ሰሞን በግል መኪና ሰው እያጨቁ የሚበርሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ግን ሁለት የሕፃን ወንበር አስሮ፣ ፖፖ ይዞ፣ ትውከት የነካው ነጠላ በመስኮት አንጠልጥሎ ትርፍ የሚጭን ማን ነው?

ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን ይዞ ወደ ጥላው ሄደ። «ኃላፊው ምሳ ወጥቷል። ሲመጣ ይወስናል» አለን።

የመኪናው ጣሪያ እንደ ምጣድ ግሏል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ብቻ ውስጡ በ10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ ብዙም አያድነውም። የሕፃን ገላ ደግሞ ከአዋቂ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይሞቃል። ይህን አውቅ ስለነበር ወዲያው ልጆቹን አወጣኋቸው። ግን ወዴት? ጥላ ያለው እነሱ ጋ ነው። ከመንገዱ ዳር አንድ የሳሳ ግራር አገኘሁ። ለእናቴ ስጦታ የያዝኩትን የጅማ በርጩማ ከኋላ አስወርጄ ተቀመጥኩበት። ከጓዛችን ሁሉ እንደዚያ በርጩማ የጠቀመኝ የለም። የጉዞ ዕቃ ዝርዝር ላይ አይታችሁት አታውቁም፣ እኔ ግን ጻፉት እላለሁ።

ማሙሽ ጡት እምቢ አለ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። ለመጨረሻ ጊዜ ዳይፐሩን ያረጠበው ሰኮሩ ሳንደርስ ነው። ፈሳሽ እንዳያልቅበት ፈርቼ እርግብግቢቱን ነካሁት፣ አልጎደጎደም። አፉን አየሁ፣ ገና እርጥብ ነው። ሲያለቅስ እንባ አለው። ልብሱን አውልቄ ነጠላ በውሃ አርሼ ገላውን አበስኩት፤ ባለቤቴ በካርቶን አራገበለት። ሚሚ በዚህ መሐል «ሽንቴ መጣ» አለች። እማማ ይዘዋት ሄዱ። «በኔ ምክንያት ነው፣ በኔ ምላስ» እያሉ።

አንዱ ተቆጣጣሪ በአጠገቤ ሲያልፍ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህት፣ ሕፃን እንዲህ ፀሐይ ላይ ይዞ መቀመጥ ጥሩ አይደለም።»

መልሱን ዋጥኩት። መንጃ ፈቃዱ እነሱ እጅ ነዋ።

ባለቤቴ ደጋግሞ ሄደ። «ወንድሜ፣ ሕፃን ይዘናል፣ እባክህ» አለ። «ጠብቅ» ተባለ። ወንድሙ ጋ ደወለ፤ «በስልክ አናናግርም» ተባለ። ዝም ብለን የቆምንበት ጊዜ ከሰኮሩ እስከዚያ ከነዳነው ይረዝማል።

በመጨረሻ ኃላፊው መጣ። ያ ሰው ገና ከሩቅ ልጁን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት አለ?» አለ። እሱማ ጅማ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያኔ የዳይፐሩ ቦርሳ ውስጥ ያለው የክትባት ካርድ ትዝ አለኝ። የማሙሽ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የእናት ስም ሁሉም ተጽፎበታል። ከሁለታችን መታወቂያ ጋር አስተያየው። «ሂዱ» አለ። ከዚያ ጨመረበት። «ይህን ቀድማችሁ ብታሳዩ ኖሮ እኮ…»

ቀድሞ የጠየቀን ማን ነው?

ወልቂጤ ስንደርስ በቀጥታ ጤና ተቋም ገባን። ነርሷ ለካችው፣ ትንሽ ሞቋል። ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣ በማንኪያ፣ ቀስ እያለች ሰጠችው። ብዙ ሳይቆይ ጡት ያዘ፣ ከዚያም ዳይፐሩን አረጠበ። በዳይፐር መርጠብ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። የበጠበጣችሁት ኦአርኤስ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ሕፃኑ 6 ወር ያልሞላው ከሆነ ደግሞ ዋናው ነገር ጡት ቶሎ ቶሎ መስጠት ነው፤ «ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠብ አድርጊለት» የሚሏችሁን አትስሙ።

አዲስ አበባ የዚያን ቀን አልገባንም። ወሊሶ አደርን። ሰው ሁሉ «በአንድ ቀን ግቡና ተገላገሉ» ይላል፤ እኔ ከእንግዲህ በአንድ ቀን አልሞክረውም። ወሊሶ ደጋ ቢጤ ናት፣ ለአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ ልጆቹም ተኝተው ተነሱ። ቆላው ውስጥ ግን አትደሩ፤ የወባ አገር ነው። ወይም አጎበር ያዙ። ከጉዞው በኋላ በነበሩት ሳምንታት ልጅ ካተኮሰው «ብርድ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ደም አስመርምሩ፣ ቆላ ማለፋችሁንም ለሐኪሙ ንገሩ።

ሕፃንን በየ2 ሰዓቱ ከካር ሲት አውርዱት የሚለውን መመሪያ እቀበለዋለሁ። ግን እኔን የሚያስቆመኝ ሰዓት ሳይሆን ጥላ ነው። ሰኮሩ ላይ፣ ገና ደጋው ሳያልቅ ቁሙ። አጥቡ፣ ዳይፐር ቀይሩ፣ ሹራብ አውልቁ። ከዚያ ማንም ካላስቆማችሁ እስከ ወልቂጤ ጊቤን እለፉት። ቁልቁለቱ ላይ ጆሮው የሚደፈንበት ልጅ ያለቅሳል፤ ለትልቋ የምትውጠው ነገር ስጧት፣ ለትንሹ የጣት ጫፍ ወይም ጡጦ።

ወረቀት ደግሞ፦ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅጂ፣ የክትባት ካርድ። መኪናው የራሳችሁ ካልሆነ ከባለቤቱ አጭር የውክልና ወረቀት። «አያስፈልግም» የሚላችሁ ይኖራል፤ በሕግ አያስፈልግ ይሆናል። ኬላ ላይ ግን ስትቆሙ የሚከራከርላችሁ ወረቀት ነው። ጎረቤት አትጫኑ አልልም፤ ያን ቀን ሚሚን የያዙልኝ እማማ ናቸው። ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኬላ ላይ ስለ ቤንዚን ማንም አፉን አይክፈት።

ስንመለስ ሁሉን ይዤ ነበር። ወልቂጤ አድረን ገና ሳይነጋጋ ተነስተን ጊቤን በቀዝቃዛው ወረድን። ያው ኬላ ላይ ደረስን። ወረቀቱን በፕላስቲክ ማኅደር አሰናድቼ፣ በቅደም ተከተል ደርድሬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር። ሌላ ተቆጣጣሪ በመስኮት ጎንበስ ብሎ አየን። «ልጆች ናቸው? እለፉ፣ እለፉ» አለ። ባለቤቴ ማርሽ አስገባ። እኔ እሱን ሰውዬ ቁምና አንብበው ልለው ምንም አልቀረኝም።