«ሥራሽ አጠገብ ለምን አትከራዪም?» ለምትሉኝ

ሰሞኑን አንዲት የልብ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ስለ ሥራዬና ስለ መንገዱ ስነግራት ቆየችና «ታዲያ ያኔ ከመጀመሪያው ሥራሽ አጠገብ አትከራዪም ነበር እንዴ?» አለችኝ። እሷ ራሷ ኮዬ ፈጬ እየኖረች ፒያሳ ነው የምትሠራው። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የምትሰለፈውን ሰልፍ አውቀዋለሁ። ፒያሳ ለምን አትከራዪም ብላት በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሜሪካ ሲባል ግን ሁላችንም እንዲህ ነን። እዚያ የከበደው ነገር ሁሉ እዚህ የቀለለ ይመስለናል። ይህን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ አይደለችም፤ ስለዚህ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

ሥራዬ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዋሽንግተን ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ። ሥራውን ሳገኝ እዚያው ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ዘመድ ቤት፣ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ነበርኩ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ባቡር አለልሽ አሉኝ። እውነት ነው፣ አለ። ሲልቨር ላይን የሚባለው የሜትሮ መስመር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ዳለስን አልፎ አሽበርን ድረስ ደርሷል። የአንድ ጉዞ ዋጋውም በሥራ ቀን ቢበዛ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። ካርታ ላይ ለሚያየው ሰው ምንም የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

የእኔ ሺፍት ግን የሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሜትሮ በሥራ ቀን የሚከፈተው ደግሞ ከንጋቱ 11 ሰዓት። ለእኔ ባቡሩ የለም ማለት ነው። አውሮፕላኖቹ ጠዋት እንዲነሱ ሌሊቱን የሚያጸዳ፣ የሚጭን፣ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ስደተኛ ነው። ባቡሩ የታሰበው ጠዋት 2 ሰዓት ቢሮ ለሚገባው ነው። እኔ ቤት ፍለጋ ስገባ በመጀመሪያ የተማርኩት ይህንን ነው። እዚህ አገር ርቀት የሚለካው በማይል አይደለም፣ ሥራ በምትገቡበት ሰዓት ነው።

ለጊዜው አንድ የአገሬ ልጅ በመኪናው ያደርሰኝ ነበር፤ ቤንዚኑን እንጋራለን። እግዚአብሔር ይስጠው። እሱ ሺፍት ሲቀይር ግን እኔ መንገድ ላይ ቀረሁ። በራይድ እንዳልሄድ የግማሽ ቀን ደመወዜን ይበላዋል። ያኔ ነው ቤት ፍለጋው የጀመረው።

መቼም እኛ ቤት ስንፈልግ መጀመሪያ የምናየው የሐበሻ ሱቅ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነው። «ለአንዲት ሴት የሚከራይ ቤዝመንት። የራሱ መግቢያ ያለው።» እስከዚህ ጥሩ ነው። ሌላው የሚመጣው ስትደውሉ ነው። እንግዳ አይመጣም። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው። አንዲት እናት፣ ድምፃቸው አንጀት የሚበላ፣ «ልጄ፣ ሽንኩርት የምታቁላይ ከሆነ አይሆንም፣ ቤቱን ሽታ ይገባዋል» አሉኝ። ሐበሻ ለሐበሻ! በጣም ነው የከፋኝ። እርግጥ የሐበሻ ቤዝመንት ባይኖር ስንቶቻችን ሜዳ ላይ እንወድቅ ነበር። ክሬዲት (የብድር ታሪክ) አይሉ፣ የደመወዝ ወረቀት አይሉ፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ ጠይቀው ያስገቡሻል። ይህን ደግነት የትም አላየሁም። ችግሩ ቤዝመንቶቹ ያሉት እኛው የተሰባሰብንበት ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሥራዬ ደግሞ ሌላ ጥግ።

ወደ ዳለስ ስትጠጉ የምታገኙት ሄርንደንን፣ ስተርሊንግን፣ አሽበርንን ነው። ስተርሊንግና አሽበርን ያሉበት የላውደን ካውንቲ (ወረዳ እንደማለት ነው) ነዋሪ ገቢ በመላው አሜሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። አሽበርን ላይ የኢንተርኔቱ ዓለም ዳታ ሴንተሮች ተደርድረዋል፤ መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንፃዎች፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። እዚያ የሚሠራው ኢንጂነር የሚከፈለውና እኔ የሚከፈለኝ አይገናኝም። ቤት ስንከራይ ግን የተለጠፈልን ዋጋ አንድ ነው።

ራቅ ስትሉ፣ ማናሳስና ውድብሪጅ፣ ኪራዩ ረከስ ይላል። ከእነሱ ጋር ደግሞ መንገዱ ይመጣል። ማናሳስ ሆኖ ዋሽንግተን የሚሠራ ሰው በ66 ቁጥር መንገድ ሲገባ፣ ወደ ከተማው ሲጠጋ፣ ጠዋት መኪናው ውስጥ ሦስት ሰው ከሌለ ይከፍላል። ዋጋው ቋሚ አይደለም፤ መንገዱ በተጨናነቀ ቁጥር ይወጣል። ክፍያው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን 34 ዶላር ከ50 ሳንቲም ደርሶ አገር ጉድ ብሎ ነበር። ለአንድ ጉዞ ነው የምላችሁ።

በውድብሪጅ በኩል ያለው ግን ገርሞኛል። ስላጊንግ ይሉታል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ሹፌሩ ሦስት ሰው ካልሞላ በፈጣኑ መስመር በነፃ ማለፍ ስለማይችል፣ ጨርሶ የማያውቃቸውን ሁለት ሰዎች ከሰልፍ አንስቶ ፔንታገን ያደርሳቸዋል። ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ጎረቤቱን ሰላም የማይል ሰው፣ የማያውቀውን ሰው መኪናው ውስጥ ያስገባል! ደንቡ ደግሞ ሹፌሩ ካላወራ ተሳፋሪው አያወራም። እኛ ብንሆን ፔንታገን ሳንደርስ የትውልድ ሰፈር ተጠያይቀን፣ የጋራ ዘመድ አግኝተን፣ እሑድ ቡና ለመጠጣት ተቃጥረን ነበር። እነሱ ዝም ብለው ሄደው ዝም ብለው ይወርዳሉ። ሥርዓታቸውን አደንቃለሁ፣ ዝምታቸው ግን ያስፈራኛል። ለማንኛውም ያም ሰልፍ ጠዋት ቢሮ ለሚገባ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንም ማንንም አይጭንም።

በመጨረሻ ስተርሊንግ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት አየሁ። በወር 1,900 ዶላር። ከሥራዬ በመኪና የ15 ደቂቃ መንገድ፤ በዚያ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ እዚያው ግቢ ይኖራሉ፣ ሌሊት አብረን እንሄዳለን። ከዚህ የተሻለ አልተገኘም።

ሊዚንግ ኦፊስ (የአፓርትመንቱ አከራይ ቢሮ) ያለችው ልጅ ፈገግታዋ አያልቅም። ውሃ ሰጠችኝ። መዋኛውን አሳየችኝ። የማመልከቻውን ገንዘብ ከፈልኩ፤ ቤቱን ባታገኙትም የማይመለስ ገንዘብ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገችና ዝም አለች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ስሜ ከላይ አለ፣ ከሥሩ አንድ ቀይ መስመር።

ደመወዜ በሰዓት 18 ዶላር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት፤ ታክስ ሳይቆረጥ በወር 3,120 ዶላር ይመጣል። የእነሱ ሕግ ደግሞ ገቢሽ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ይሁን የሚል ነው፤ 5,700 ዶላር። ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ሥራ አለኝ፤ የደመወዝ ወረቀቱ ገና ስላልተጠራቀመ አልቆጠሩልኝም። በእነሱ ስሌት እኔ የሚገባኝ ቤት 1,040 ዶላር ነው። በዚያ ዋጋ በዚያ አካባቢ የሚገኘው የሰው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ነገር ክሬዲት ነው። የሰው ታማኝነት ከ300 እስከ 850 በቁጥር ይለካል። እኔ ቁጥር የለኝም። የሰው ዕዳ ኖሮብኝ አያውቅም። አገር ቤት ይህ የሚያስከብር ነገር ነበር። እዚህ ተበድሮ ያልመለሰ ሰው ይጠረጠራል፤ ከናካቴው ያልተበደረም ይጠረጠራል።

«ዋስ የሚሆንሽ ሰው አለ?» አለችኝ፣ ያው በፈገግታ።

አዲስ አበባ የአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። የዕቁብ ጸሐፊ ነበርኩ። የሰው ገንዘብ እጄ ገብቶ አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም። ሰው ሥራ ሲቀጠር፣ ሰው ሲበደር፣ ዋስ ሁኚኝ እያለ ሲመጣ ለስንቱ ፈርሜያለሁ። የሚለመነው ሰው እኔ ነበርኩ። ያ ሁሉ ስም፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ እዚያ ስክሪን ላይ የሚገባበት ሳጥን የለውም።

ዋስ የሚሆነው ሰው ገቢው የኪራዩን አምስት እጥፍ መሆን አለበት ተባልኩ። በወር 9,500 ዶላር። እንዲህ ያለ ዘመድ አንድ ብቻ ነው ያለኝ፤ የእህቴ ልጅ፣ አሽበርን ዳታ ሴንተር የሚሠራው። አሜሪካ እስኪመጣ ድረስ ያዘልኩት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ትኩሳት ይዞት ያደርኩባቸውን ሌሊቶች አልረሳም። ደወልኩለት። ቡና ሊገዛ ሰልፍ ላይ ነበር። «ችግር የለም አክስቴ፣ ይላኩልኝ» አለኝ። ሊንኩ ደረሰው፣ ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ ፈረመ፣ ቡናውን ተቀበለ። የቡናው ሻጭ ስሙን ሲጠራ በስልክ ይሰማኛል።

አገር ቤት ዋስ ለመሆን የደመወዝ ደብዳቤ፣ ማህተም፣ የአንድ ጠዋት ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋስ የሆነልህን ሰው ቤቱ ሄደህ ታመሰግናለህ። ልጁ እዚህ ነው ያደገው፣ ነገሩ ምንም አልመሰለውም። እሱን አልወቅሰውም፤ መርቄዋለሁ፣ እኮራበታለሁም። ግን ስልኩን ዘግቼ እዚያው ፓርኪንግ ላይ አለቀስኩ። እኔ ኪራይ ባጓድል የሚጠየቀው ያዘልኩት ልጅ ነው። ይህ ነገር ዛሬም እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ ኪራዬን ወሩ ሳይገባ ነው የምከፍለው። ምግብ ይቀራል እንጂ ኪራዩ አያድርም።

ለፍትህ ያህል፣ አዲስ አበባም ተከራይ ተሠቃይቷል። የደላላው፣ የስድስት ወር ቅድሚያው፣ በየሦስት ወሩ ጭማሪው። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቶ ነው ቅድሚያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን የተደነገገው። እዚህም ሕግ አለ፤ ማንም አይነግራችሁም እንጂ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዲፖዚት (ስትገቡ የምታስይዙት ገንዘብ) ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ቤቱን ከለቀቃችሁ በ45 ቀን ውስጥ ቀሪውን ከነዝርዝሩ ሊመልሱላችሁ ይገባል። ስትገቡ ግድግዳውንም ምድጃውንም ፎቶ አንሱ። ስትወጡ እናንተ ያላደረጋችሁትን ጭረት እንዳያስከፍሏችሁ።

ዲቪ ደርሷችሁ ወይም በቤተሰብ ልትመጡ ላላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሥራ ስታገኙ ከደመወዙ በፊት የመግቢያ ሰዓቱን ጠይቁ። ከዚያ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚንቀሳቀስ እዩ። ኪራይ ረከሰ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የመንገዱን ወጪ ጨምራችሁበት ደምሩ፤ ብዙ ጊዜ ርካሹ ቤት ውድ ሆኖ ይወጣል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ እንደመጣ ባንክ ሄዳችሁ፣ የራሳችሁን ገንዘብ አስይዛችሁ የምታወጡትን የክሬዲት ካርድ አውጡ። በትንሹ ተጠቀሙበት፣ በየወሩ ሙሉውን ክፈሉ። ዝቅተኛ ገቢ ላለው በቅናሽ የሚከራዩ ቤቶችም አሉ። ሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትልልቅ ሕንፃ የሚሠሩ የተወሰነውን ቤት አቅም በሚፈቅደው ዋጋ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ቨርጂኒያ ያሉት ፌርፋክስና ላውደንም የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። ወረፋው ረጅም ነው። ቤት ሲቸግራችሁ ሳይሆን በመጣችሁ ሰሞን ተመዝገቡ።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ የመዋኛውን ፎቶ አይታችሁ «እሷማ ሞላላት» አትበሉ። በዚያ ፎቶ ጀርባ፣ እኔ ኪራዩን ካልከፈልኩ የሚጠየቅ ልጅ አለ።

የኪራይ ውሌ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። አሁን ክሬዲቴ ከ700 አልፏል። የሁለቱም ሥራ የደመወዝ ወረቀት ተጠራቅሟል። አንድም ቀን አሳልፌ ከፍዬ አላውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ሊዚንግ ኦፊስ ገብቼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የልጁን ስም ከውሉ አውጡልኝ። እንቢ ካሉ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ፤ ከዳለስ ግን ከ20 ደቂቃ በላይ አልርቅም።