«ሁሉም መጀመሪያውኑ ሞተዋል» ለምትሉኝ ሰዎች

የሎስት፣ አውሮፕላናቸው ወድቆ ደሴት ላይ የቀሩ ሰዎችን የሚተርከው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም፣ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። የመጨረሻውን ክፍል አይቶ «በቃ ገባኝ፣ አውሮፕላኑ ሲወድቅ ሁሉም አልቀዋል፣ ደሴቷ የሙታን ዓለም ናት» የሚል ሰው ካጋጠመኝ ቡናዬ ይቀዘቅዛል እንጂ ሳልከራከር አልነሳም።

ተከታታይ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ጀምሮ በ2010 አለቀ። እኛ ሰፈር፣ የካ አባዶ፣ ግን ገና ትኩስ ወሬ ነው። ምክንያቱም ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ፊልም የሚጭንልን ልጅ ስድስቱም ሲዝን ሀርድ ዲስኩ ውስጥ አለ፣ አዲስ ነገር ሲያጣ ፍላሽህ ላይ የሚገለብጥልህ እሱን ነው። የቲዎሪው ዋና ሰባኪም ራሱ ነው። ፍላሽህን ሲመልስልህ መጨረሻውን ይነግርሃል፣ ያውም አጣሞ። ከዛ ከመገናኛ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር አንዱ ለጓደኛው እሱኑ ሲደግም ትሰማለህ።

እስቲ ከመጨረሻው ትዕይንት እንጀምር። ዋናው ባለታሪክ ጃክ አንድ ቤተክርስቲያን ውስጥ የሞተ አባቱን ያገኛል። አባትየው የሚነግረው ግልጽ ነው፦ በሕይወትህ የደረሰብህ ሁሉ እውነት ነው፣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል፣ እዚህ ካሉት አንዳንዶቹ ካንተ በፊት ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ካንተ ብዙ ዘግይተው። ብዙ ዘግይተው! ሁሉም አንድ ቀን አንድ አውሮፕላን ውስጥ ካለቁ ይሄ ቃል ምን ሊሠራ ገባ?

ከበር ውጭ ደግሞ ደሴቷ ላይ የነበሩት ሀርሊና ቤን ይሰነባበታሉ። አንዱ ሌላውን ጎበዝ አለቃ ነበርክ፣ ጎበዝ ምክትል ነበርክ እያሉ ይመሰጋገናሉ። ጃክ ከሞተ በኋላ ደሴቷን አብረው ሲጠብቁ ኖረዋል ማለት ነው። መቼ ሠሩት ታዲያ ይሄን ሥራ?

እኔ የምወደው ማስረጃ ግን ፔኒ ናት፣ ደሴቷ ላይ የኖረው የዴዝሞንድ ፍቅረኛ። ፔኒ አውሮፕላኑ ላይ አልነበረችም። ደሴቷንም በእግሯ አልረገጠችም። ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ግን ከዴዝሞንድ ጎን ተቀምጣለች። ጁልየትም እዚያው አለች፣ እሷ ደግሞ አውሮፕላኑ ከመውደቁ ሦስት ዓመት በፊት በሰርጓጅ መርከብ የመጣች ሐኪም ናት። ጃክ ደሴቷ ላይ ሊሞት ዓይኑን ሊከድን ሲል በላዩ የሚያልፈውን፣ ከደሴቷ የሚያመልጠውን ሌላ አውሮፕላንም አስታውሱ። ላፒደስ ነው የሚያበረው፣ ውስጥ ማይልስና ሪቻርድ አሉ። ሦስቱም መጀመሪያ በወደቀው አውሮፕላን፣ በረራ 815 ላይ አልተሳፈሩም። ሪቻርድማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ የመጣ ሰው ነው! እንዴት ሆኖ ነው ከሲድኒ የተነሳ አውሮፕላን ውስጥ የሚሞተው?

ሰው ከመሬት ተነስቶ አይደለም እንዲህ የሚያስበው፣ ይገባኛል። ስድስተኛው ሲዝን ላይ አውሮፕላኑ በሰላም ሎስ አንጀለስ ሲያርፍ የምናየው ያ ጎን ለጎን የሚሄደው ታሪክ፣ እሱ በእርግጥ ከሞት በኋላ ነው። ደሴቷ ግን አይደለችም። ሰዉ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቀለላቸው። ነገሩን ያባባሰው ደግሞ ቴሌቪዥን ጣቢያው ነው። ኤቢሲ የሠሪዎቹ ስም ሲያልፍ ባሕር ዳር የተበተነ የአውሮፕላን ስብርባሪ አሳየ፣ ሰው የለም፣ ድምፅ የለም። ተመልካቹ «አየህ! ማንም አልተረፈም» አለ። ጣቢያው በኋላ ምስሉ የታሪኩ አካል እንዳልሆነ፣ ወደ ምሽቱ ዜና ከመሻገሩ በፊት ሰው ትንሽ እንዲተነፍስ ብሎ እንዳስገባው ተናገረ። ማን ሰማው!

ይሄን ሁሉ ለፊልም ጫኙ ልጅ ዘረዘርኩለት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ ፔኒም እኮ የጃክ ሕልም ናት።» ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። ምንም ብታሳየው የሚውጥ ቲዎሪ ነዋ። ፔኒ? ሕልም። ላፒደስ? ሕልም። የአባትየው ንግግር? እሱም ሕልም። እኔ አሁን ክርክር ሳልጀምር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ምን ብታይ ነው ሐሳብህን የምትቀይረው? «ምንም» ካለኝ ሒሳቤን ከፍዬ እሄዳለሁ።

ይሄን ጥያቄ ያስተማረችኝ እኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ያለች ልጅ ናት። የጌም ኦፍ ትሮንስ፣ የዙፋን ሽሚያና የዘንዶ ተከታታይ ፊልም፣ ሰው ናት፣ ሰባ ሦስቱንም ክፍል በቁጥር ነው የምትጠራልህ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የትኛው ክፍል ላይ እንዳየኸው ንገረኝ» ትላለች፣ ከዛ ነው የምትሰማህ። እሷም የራሷ ቲዎሪ ነበራት፦ ያለፈውን በራእይ የሚያየው ልጅ ብራንና የሙታን ጦር መሪ የሆነው የሌሊቱ ንጉሥ አንድ ሰው ናቸው የሚለው። ቀልድ አይደለም። ብራን ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውን መንካት እንደሚችል በአገልጋዩ በሆዶር አይተናል፣ አንድ ብላቴና አእምሮው የተቃወሰው ብራን በሠራው ነው። ታዲያ የደን ልጆች የሚባሉት ጥንታዊ ፍጡራን በኋላ የሌሊቱ ንጉሥ የሆነውን ሰው ዛፍ ላይ አስረው ጥቁሩን ስለት ደረቱ ውስጥ ሲከቱበት፣ ብራን እሱ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ቢሆንስ? ማሰብ ነው ይሄ። ደግሞ መውደቂያውም ይታወቅ ነበር፣ አንዱ ሞቶ ሌላው ከቀጠለ አለቀ። 2019 ላይ በስምንተኛው ሲዝን ሦስተኛ ክፍል የብራን እህት አርያ የሌሊቱን ንጉሥ ወጋችው፣ እንደ በረዶ ተሰባበረ፣ ብራን ደግሞ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጭራሽ መጨረሻ ላይ ነገሠ። በነጋታው ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሳልጠይቃት «በቃ ሞተ» አለችኝ። ሕልም ነው ምናምን የለም።

«አንተ ቲዎሪ የሚባል ነገር አትወድም» የሚሉኝ አሉ። ውሸት ነው። እዚያው ጌም ኦፍ ትሮንስ ላይ የኔድ ዲቃላ ነው የሚባለው የጆን ስኖው እናት ጉዳይ ከማንም በላይ ነው ያስደሰተኝ። ፊልሙ ከተሠራባቸው መጻሕፍት የመጀመሪያው የወጣው በ1996 ነው፣ አንባቢዎች ጆን የኔድ እህት የሊያናና የልዑል ሬጋር ልጅ እንደሆነ ፊልሙ ሳይታሰብ በፊት ደርሰውበታል። እንዴት? ንጉሡ ተገድሏል፣ ልዑሉም ተገድሏል፣ ከሰባቱ የንጉሥ ዘቦች ሦስቱ ግን ጦርነቱን ትተው አንድ ተራራ ላይ ያለ ግንብ ይጠብቃሉ። ማንን? ዘብ የሚጠብቀው ንጉሥን ነው። ፊልሙ ላይ ደግሞ ገና በሁለተኛው ክፍል ኔድ ለጆን ስሜ ባይኖርህም ደሜ አለህ ይለዋል። ልጄ ነህ አላለውም! የእህቱ ልጅ ደሙ ነው፣ ሰውየው ሳይዋሽ ደበቀ። ደራሲው ማርቲን ፊልሙን ሊሠሩ ለመጡት ሁለት ሰዎች ያቀረበላቸው ጥያቄም ይሄው ነበር፣ የጆን እናት ማን ናት? መለሱ። 2016 ላይ በስድስተኛው ሲዝን ማብቂያ እኛም በዓይናችን አየን።

ቲሪዮንም የዘንዶዎቹ ዘር፣ ማለትም የሬጋር ቤተሰብ፣ ነው የምትሉት ግን አልተዋጠልኝም። ዘንዶዎቹን ከሰንሰለት ፈታ፣ አላቃጠሉትም፣ እሺ። አባቱ ጣይዊን ሊሞት ሲል ልጄ አይደለህም ብሎታል፣ እሺ። ቀስት ለሰካበት ልጅ ምን ይበለው ታዲያ፣ ተባረክ? መጽሐፉ ላይ አክስቱ ለወንድሙ ለጄይሚ የጣይዊን ልጅ ቲሪዮን ነው፣ አንተ አይደለህም ትለዋለች። አባትየው አብዝቶ የጠላው በጣም የሚመስለውን ልጅ ነው፣ ያንን ከወሰዳችሁብኝ ታሪኩ ምን ይቀረዋል?

አራተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ ግን «ጋሼ፣ ይሄ ያንተ ምርጫ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም» ትለኛለች። ፊልሙ ላይ አንድም ክፍል አልጠራችልኝም፣ መጽሐፉን ደግሞ ደራሲው ይጨርሰውና እንተያያለን።