ከአራተኛው ገጽ መጀመር

«ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» የተባለውን የሙዚቃ አልበም ከሚጠሉት ብዙዎቹ ከሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ተነስተው ሁለተኛው ላይ ያቆሙ ይመስለኛል። የስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1973 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያወጣው ይህ ሥራ ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ፣ አራት ዘፈን ነው። በጠቅላላው 80 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሐሳቡ ዘፋኙ ጆን አንደርሰን በፓራማሃንሳ ዮጋናንዳ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ካገኘው የግርጌ ማስታወሻ የመጣ ነው፤ ያንን ሳያነቡም ሙዚቃው ይገባል።

እያንዳንዱ ዘፈን 20 ደቂቃ አካባቢ የሆነው በምክንያት ነው። በሸክላ አንድ ገጽ ላይ ከዚያ ብዙ ከተጨመረ መስመሮቹ ስለሚጠባበቡ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቀረጻል፣ ቤዙም፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ይሳሳል። የኪቦርድ ተጫዋቹ ሪክ ዌክማን ቅሬታም እዚሁ ላይ ነበር፤ ሙዚቃው ለአንድ ሸክላ በዛ፣ ለሁለት አነሰ፣ ክፍተቱም በመሙያ ተሸፈነ። በ1974 ባንዱን ለቆ ሄደ። ሁለተኛውን ገጽ ስሰማ እውነት አለው እላለሁ፤ አንድ ዜማ መመለስ ካለበት በላይ ይመለሳል። ግን የዌክማን ሜሎትሮን፣ በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማው ኪቦርድ፣ እንደ ጉም የሚዘረጋውም እዚያው ገጽ ላይ ነው፣ ስለዚህ ልተወው አልችልም።

በአራተኛው የሚጀምር ሰው ሌላ አልበም ያገኛል። የክሪስ ስኳየር ቤዝ ብቻውን ወጥቶ ይዘፍናል፤ ወደ 15ኛው ደቂቃ ገደማ ዜማው ሁሉ ይጠፋና ከበሮ ብቻ ይቀራል፤ በመድረክ ላይ ስኳየርና አንደርሰንም ከከበሮ መቺው ከአለን ኋይት ጋር ይመቱ ነበር። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን አካሄድ ያውቀዋል፦ ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዚያ መረግድ፣ ከዚያ ጽፋት። ችኮላ የለበትም፣ ግን ይጠነክራል። ከዚያ ግርግር በኋላ ዝግ ያለ ፒያኖና የአንደርሰን ድምፅ ሲመጣ፣ ያለ ከበሮው ያን ያህል አይነካም ነበር።

ለአሰማም ጥቂት ነገር። እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ቤዝ ያሳልፋል፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ ቤዙን ጨርሶ አያወጣውም፤ የስኳየር ቤዝ ጊታር ከሌለ አልበሙ ግማሹ የለም። ስለዚህ ባለ ገመድ ኢርፎን። ከኢንተርኔት በቀጥታ መስማትም አያዋጣም። ኔትወርክ 14ኛው ደቂቃ ላይ ሲቆረጥ ዘፈኑ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፣ የተገነባው ሁሉ ይፈርሳል። አስቀድሞ አውርዶ፣ የስልኩን «በዘፈቀደ ማጫወት» አጥፍቶ፣ በአንድ ምሽት አንድ ገጽ ብቻ። 80ውን ደቂቃ በአንድ ጊዜ የሚሰማ ጆሮው ስለሚደክም ሦስተኛውን ይጠላል።

ሦስተኛው ከሁሉም ያስቸግራል። የስቲቭ ሃው ስቲል ጊታር ይሰነጥቃል፣ ምቱም አይያዝም። ከ12ኛው ደቂቃ በኋላ ግን ያው ሃው ኤሌክትሪኩን አስቀምጦ በአኩስቲክ ብቻ ይጫወታል፤ ጣቱ ክር ላይ ሲንሸራተት ሳይቀር ይሰማል። እዚህ ለመድረስ መጀመሪያውን ዘሎ ማለፍ ከንቱ ነው፣ ጸጥታው የሚጣፍጠው ከሻካራው በኋላ ስለሆነ።

የመጀመሪያው ገጽ በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ በ2003 ዳግም ሲታተም ተቆርጦ የነበረ የሁለት ደቂቃ መግቢያ ተመልሶለታል። ለጀማሪ አጭሩ ይሻላል፣ አንደርሰን ወዲያው ይገባል። ቅደም ተከተሌ አራት፣ አንድ፣ ሦስት፤ ሁለተኛው መጨረሻ፣ ሌሎቹ ከተወደዱ በኋላ።